ሮቦቱ «ሰው የለም» ቢላችሁ ታምኑታላችሁ? (በአማርኛ ስለሚታዘዝ የነፍስ አድን ሮቦት)

የሮቦት ተማሪ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የምሠራው ሕንፃ ሲደረመስ ወይም እሳት ሲነሳ፣ ሰው ሊገባበት ወደማይችል ቦታ ስለሚላኩ ሮቦቶች ነው። የእኔ ድርሻ ሮቦቱ በሰው ቋንቋ እንዲታዘዝና በሰው ቋንቋ እንዲመልስ ማድረግ ነው። ቋንቋው ደግሞ አማርኛ እንዲሆን ወስኛለሁ። ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው፦ ፊታችሁ የፈረሰ ቤት አለ፣ ሮቦቱ አጠገባችሁ ቆሟል እንበል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ ምን ይሆናል? ብዙ ሳታስቡ፣ አፋችሁ ላይ እንደመጣ ጻፉልኝ።

ንግግር ለምን አስፈለገ ለምትሉ ትንሽ ልበል። ሮቦቶች በፍርስራሽ ውስጥ ሰው ለመፈለግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማሩት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001፣ የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ሲወድቁ ነው። ሮቢን መርፊ የተባለችው ተመራማሪና ባልደረቦቿ አንዳንዶቹ ከጫማ ሳጥን የማይበልጡ፣ ባለ ሰንሰለት ሮቦቶችን ሰው በማይሾልክበት ቀዳዳ አስገቡ። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ልምምዶች ደጋግሞ የታየ ነገር አለ። ኦፕሬተሩን፣ ማለትም ሮቦቱን ከሩቅ የሚነዳውን ሰው፣ የሚያደክመው መንዳቱ አይደለም፤ «አሁን የት ነው ያለሁት? ይሄ የማየው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለአንድ ሮቦት ሁለት ሰው ተመድቦ እየተነጋገሩ ሲሠሩ ነገሩ ይሻሻላል። ልብ በሉ፣ ንግግሩ ያኔም ነበረ፤ ሮቦቱ ግን የንግግሩ ተካፋይ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ፉኩሺማ ላይ ኩዊንስ የተባለው የጃፓን ሮቦት ወደ ኒውክሌር ጣቢያው የገባው ገመድ እየጎተተ ነው፤ ወፍራሙ ኮንክሪት የራዲዮ ሞገድ አያሳልፍምና። ጥቅምት ላይ ገመዱ ተያዘበትና 3ኛ ፎቅ ላይ ቀረ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021፣ ዳርፓ (የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም) በኬንታኪ ግዛት ሉዊቪል ከተማ ምድር ውስጥ ባለ ዋሻ ባካሄደው የሮቦቶች ውድድር፣ ብዙ ሮቦት ለሚያሰማራው ለእያንዳንዱ ቡድን የተፈቀደው አንድ ተቆጣጣሪ ብቻ ነበር። ሴርቤረስ የተባለው ቡድን 2 ሚሊዮን ዶላሩን ወሰደ። አንድ ሰው ያን ሁሉ ማሽን በጆይስቲክ ሊነዳ አይችልም፤ ሥራ ይሰጣቸዋል፣ እነሱም ይሄዳሉ። ያኔ ሥራው የሚሰጠው በስክሪንና በአዝራር ነበር። አሁን በቃል ሊሆን ነው። በእንግሊዝኛ ማለቴ ነው። በእኛ ቋንቋ እንዴት እንደሚሆን ማንም ሳይጠይቅ ነገሩ ተሠርቶ አልቆ እንዳይመጣብን እሰጋለሁ።

ጭስና ውኃ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:40

እህቴ፣ በእሳት አደጋ ሥራ ላይ 14 ዓመት ሆኖኛል። ዓረፍተ ነገር ጠየቅሽ፤ እኛ ዘንድ ዓረፍተ ነገር የሚባል ነገር የለም። «ግባ»። «ጠብቅ»። «ውኃ ስጥ»። «ዝጋ»። «ውጣ፣ ውጣ፣ ውጣ!» በቃ። ጭምብሉን ስታጠልቂ መጀመሪያ የምትሰሚው የራስሽን ትንፋሽ ነው። ውጭ ፓምፑ ያጓራል፣ ሳይረኑ አልጠፋም፣ ሰፈሩ ሁሉ ይጮኻል። እዚያ ላይ ሆኖ «እባክህ ወደ ሁለተኛው ክፍል ገብተህ ተመልከት» የሚል ሰው አላየሁም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለጥናትሽ ከጠቀመ። ከተማውንም ጊዜውንም ልተወው። አንድ መጋዘን ተያይዞ እኔ በኋላ በር በኩል ቆሜያለሁ። ኃላፊዬ ጣሪያው ሲጎብጥ ከፊት ለፊት አይቶ በራዲዮ «አትግባ!» አለኝ። የእጅ ራዲዮ የያዘ ሰው ያውቃል፣ ቁልፉን እየተጫንሽ በዚያው ቅጽበት ከተናገርሽ የመጀመሪያዋ ድምፅ ትቆረጣለች። እኔ ዘንድ የደረሰው «ግባ!» ነው። ገባሁ። ጣሪያው ከኋላዬ ወረደ። በመስኮት አወጡኝ፣ ግራ እጄ እስከ ዛሬ ጠባሳ አለው። ኃላፊዬ ያን ቀን አለቀሰ፤ ትክክለኛውን ቃል ነው የተናገረው፣ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ቡድን «አትግባ» የሚል ቃል የለም። «ቁም፣ ቁም፣ ቁም» ነው የምንለው። ሮቦትሽም ይሄን ይወቅ።

ጠብቆ ላልቶ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:05

ወንድሜ ጭስና ውኃ፣ እግዚአብሔር እንኳን አተረፈህ። ረጅም ዘመን አማርኛ አስተምሬያለሁ፤ አንተ በአንድ ጠባሳ የተማርከውን እኔ በክፍል ውስጥ እንዲህ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም።

ነገሩ ከቋንቋችን አሠራር የመጣ ነው። ትዕዛዙን የሚገለብጠው «አት» ከግሱ ፊት ይመጣል፣ አጭር ነው፣ ብቻውን ቆሞ አይነገርም። ክፈት፣ አትክፈት። ንካ፣ አትንካ። እሱ ከተዋጠ የቀረው ሙሉና ትክክለኛ የሆነ፣ ግን ተቃራኒ ትዕዛዝ ነው። የተቆረጠ ቃል ቢመስል እኮ ሰሚው ይጠራጠር ነበር፤ የሚያስፈራው ምንም የጎደለው አለመምሰሉ ነው።

ሁለተኛው አደጋ መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን አያሳየውም። «ይሰማል» የሚለውን ጻፊና ለአሥር ሰው አሳዪ፤ አላልቶ የሚያነበው «እሱ ይሰማል» ይላል፣ አጥብቆ የሚያነበው «ድምፅ ይሰማል» ይላል። ፍርስራሽ አፋፍ ላይ ሁለቱ የተለያዩ ዜናዎች ናቸው። አንደኛው የተቀበረው ሰው እየሰማን ነው ማለት ነው፣ ሌላው ከውስጥ ድምፅ እየመጣ ነው ማለት ነው። «ሰው አለ»ም እንዲሁ ነው፦ ሲጠብቅ ሰው መኖሩን ይናገራል፣ ሲላላ ሰው የሆነ ነገር መናገሩን። ማሽኑ ንግግሩን መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ ከቀየረው በኋላ ከጽሑፉ ትርጉም የሚፈልግ ከሆነ፣ ጆሮው የሰማውን ልዩነት እጁ ጣለው ማለት ነው። ልጄ፣ ያንቺ ማሽን በየትኛው መንገድ ነው የሚሠራው?

የሳውላ ልጅ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:30

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን ልቤ ውስጥ ያለውን ልናገር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ናዳው ሲወርድ ሰው የቆፈረው በእጁና በአካፋ ነው። መሬቱ ጭቃና ገደል ነው፣ ከባድ ማሽን በቀላሉ አይደርስበትም። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። አብዛኞቹን የበላቸው ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ነው፤ የመጀመሪያውን ሰምተው ጎረቤታቸውን ሊያወጡ የሮጡትን። የማውቃቸው ሰዎች አሉበት።

እንግዲህ እናንተ ስለ መጥበቅና መላላት ትነጋገራላችሁ። እዚያ የነበሩ እናቶች ብዙዎቹ አማርኛ አይናገሩም። በጎፍኛ ነው የጮኹት። አማርኛ የሚሰማ ሮቦት ለእነሱ ከእንግሊዝኛው በምን ይሻላል?

የሮቦት ተማሪ · ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ 8:20

የሳውላ ልጅ፣ ነፍስ ይማር። የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ወዲያው መልስ ለመጻፍም አልቻልኩም። ጥያቄህ ትክክል ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መምህር፣ አዎ፣ እስካሁን የሠራሁት ንግግርን ወደ ጽሑፍ፣ ጽሑፍን ወደ ትዕዛዝ ነው። የተናገሩት ችግር እንዳለብኝ ዛሬ ገባኝ። ለአማርኛ ንግግር ማወቂያ ከተሰበሰቡት የድምፅ ክምችቶች በጣም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው፣ 100 ያህል ሰዎች ያነበቡት የ20 ሰዓት ንባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ከ1,100 በላይ ቋንቋዎችን ንግግር የሚያውቅ ሞዴል አወጣ፣ አማርኛም አለበት። ለዚያ ሁሉ ቋንቋ ድምፅ ያገኙት ግን በአብዛኛው ከአዲስ ኪዳን ንባብ ነው። ቃሉ ሲነበብ ጥርት ብሎ፣ በእርጋታ ነው። በጭምብል ውስጥ ሆኖ «ቁም!» ብሎ የሚጮህን ሰው ከየት ተምሮት ይወቀው?

የትዕዛዙን ትርጉም በተመለከተ ግን ተስፋ የሚሰጡ ሥራዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የጉግል ተመራማሪዎች ሴይካን የተባለውን አሠራር አሳዩ። ሰውዬው «መጠጤ ፈሰሰብኝ፣ ትረዳኛለህ?» ሲል የቋንቋ ሞዴሉ (ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቃል የሚያወጣው ፕሮግራም) የሚጠቅሙ እርምጃዎችን ይመዝናል፣ ሌላው ክፍል ደግሞ ሮቦቱ አሁን ካለበት ቦታ ሆኖ የትኛውን በእርግጥ መሥራት እንደሚችል ይመዝናል። ሁለቱ ሚዛኖች ተባዝተው የበለጠው ይመረጣል። ቋንቋ ብቻውን ብዙ ያወራል፤ አቅሙን የሚያውቀው ሌላው ክፍል ነው የሚገታው።

ለእኛ ነገር የበለጠ የሚቀርበው ግን በቀጣዩ ዓመት ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲና ከጉግል የወጣው ኖውኖ የተባለው ሥራ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አለ፤ አንዱ ብረት፣ አንዱ ፕላስቲክ። ሰው «ሳህኑን ማይክሮዌቭ ውስጥ አስገባ» ይላል። ሮቦቱ ሊሆኑ የሚችሉትን አማራጮች ይዘረዝራል፣ እርግጠኝነቱ አስቀድሞ ከተወሰነለት ልክ በታች ከሆነ ዝም ብሎ አይገምትም፤ ቆሞ «የትኛውን?» ይላል። ይሄ «ቆሞ መጠየቅ» ነው ወደ አማርኛ ላመጣው የምፈልገው። ጭስና ውኃ፣ ያን ቀን ራዲዮው «ግባ ነው ያልከኝ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ...

ከሲልቨር ስፕሪንግ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:10

እኔ በሆስፒታልና በድንገተኛ ስልክ ጥሪ የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ። «እሺ» ስለምትባለው ቃል ልናገር።

ነርሷ በእንግሊዝኛ «መድኃኒቱን ከምግብ በፊት ነው የሚወስዱት» ትላለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ አባታችን «እሺ» ይላሉ። እሺ ማለት ሰማሁ ነው? ገባኝ ነው? አደርገዋለሁ ነው? አንዳንዴ «ልጄ አትድከሚ፣ ይብቃሽ» ማለትም ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ «አባቴ፣ እስኪ ምን እንዳልኩዎት ይንገሩኝ» እላለሁ። ሮቦቱ «እሺ» እንዳይል። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ይናገር፦ «በኋላ በር ልገባ ነው»። ያኔ ስህተቱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ይሰማል።

ሌላው ነገር ከተጎጂው ወገን ነው። ወገኖቼ፣ እኛ ስንጠየቅ ደህና ነን። ደረቱን ይዞ ላብ የሚያጠምቀው ሰው «እንዴት ነዎት?» ስለው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትንሽ ደከም ብሎኛል» ብሎኝ ያውቃል። የልብ ድካም ነበር። ያንቺ ሮቦት ድንጋይ ሥር ላለ ሰው «ደህና ነህ?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ «ተመስገን» ነው የሚሆነው። ማሽኑም «ተጎጂው ደህና ነው» ብሎ ይመዘግባል። እንዲህ አይጠየቅም። «እጅዎን ማንቀሳቀስ ይችላሉ? እግርዎ ላይ ምን አለ? ውኃ ይሰማዎታል? ከእርስዎ ጋር ማን አለ?» ነው የሚባለው።

የሳውላ ልጅ ስላነሳው፦ ሄይቲ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ሰዎች በ4636 ቁጥር አጭር መልእክት ይልኩ ነበር፤ በአገሩ ቋንቋ፣ በክሪዮል። የውጭ ነፍስ አድን ቡድኖች አንድ ቃል አይገባቸውም። ውጭ ያሉ ሄይቲያውያን በየቤታቸው ተቀምጠው በበጎ ፈቃድ ተረጎሙት፤ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎችም አምስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የክሪዮል ትርጉም ፕሮግራም አደረሱ። የሚቻል ነገር ነው ለማለት ነው። ግን ሰው ይፈልጋል፣ ቀድሞ የተዘጋጀ።

አዲስ ገቢ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:45

አንድ ጥያቄ፦ ሮቦቱ አንተ ነው አንቺ? በአማርኛ ሳይወሰን ማዘዝ አይቻልም እኮ።

ጠብቆ ላልቶ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:20

ሮቦቱን በአንተ እዘዙት፤ ግቢም ያለችውን ይቀበል፣ ግባም ያለውን። ይሄ ቀላል ነው።

የሚከብደው ሮቦቱ ሲናገር ነው። ከፍርስራሹ ሥር ያለው ወንድ ይሁን ሴት አያውቅም። «ትሰማኛለህ?» ቢል እና ሴት ብትሆን «ሌላ ሰው ነው የሚጠራው» ብላ ዝም ልትል ትችላለች። ቋንቋችን ግን መውጫ አለው፣ «ይሰሙኛል?» በሉት። የአክብሮቱ አነጋገር ፆታ አይለይም። ለሽማግሌውም ለወጣቷም ይሆናል። ሕፃን ልጅ ግን በእርስዎ ተጠርቶ አያውቅምና እሱን ላያነቃው ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ጥሪ «ልጆች፣ ትሰሙኛላችሁ?» ይሁን።

ጭስና ውኃ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:00

መምህር ልክ ነዎት። እኛ «ሰው አለ ወይ?» ነው የምንለው፣ ከዚያ ዝም ብለን እናዳምጣለን። ልጆች የሚደበቁት ደግሞ አልጋ ሥርና ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ጭምብል የለበሰ ሰው ሲያዩ ይፈራሉ፣ አይመልሱም። ሮቦትማ ምን ሊሆን ነው።

አሁን ግን ከሁሉ የሚበልጥብኝን ልናገር። «ሰው የለም» የሚል ሮቦት አልፈልግም። ከእኔ ጋር የሚሠራ ልጅም ቢሆን ከቤት ወጥቶ «ሰው የለም» ካለኝ አፈጥበታለሁ። «የት የት አየህ?» እለዋለሁ። መኝታ ቤቱን አይቷል፣ ሽንት ቤቱን አላየም። ሰው የለም ማለትና ሰው አላየሁም ማለት የሞትና የሕይወት ልዩነት አለው፤ «የለም» ካልኩ ማንም ተመልሶ አይገባም። የኖትርዳም ካቴድራል ሲቃጠል እ.ኤ.አ. በ2019 የፓሪስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ኮሎሰስ የተባለ 500 ኪሎ የሚመዝን ሮቦት አስገብተው ውኃ አስረጭተውበታል፤ ጣሪያው ሰው ላይ እንዳይወርድ ብለው። እሱ ውኃ ነው የረጨው፣ ምስክርነት አልሰጠም። ምስክር የሚሆን ሮቦት ከመጣ እንደ ምስክር ይናገር፦ ያየሁት ይሄ ነው፣ እስከዚህ ደርሻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አልገባሁም።

የሮቦት ተማሪ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:50

ጭስና ውኃ፣ ይሄ ዛሬ የሞዴሎቹ ትልቁ ድካም ነው። የቋንቋ ሞዴል የጎደለውን በሚመስል ነገር የመሙላት ዝንባሌ አለው። ካሜራው በአቧራ ተሸፍኖ ምንም ያላየበትን ክፍል «ክፍሉ ባዶ ነው» ብሎ በሚያምር አማርኛ ሊነግርህ ይችላል። አነጋገሩ ባማረ ቁጥር ሰው ያምነዋል። ስለዚህ ንድፌን እየቀየርኩ ነው፦ ሮቦቱ ስለሰው መኖር የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ሞዴሉ በነፃነት አይሠራውም። ከካርታው ላይ በእርግጥ የታየው ስፋት ይወሰዳል፣ ዓረፍተ ነገሩ ከእሱ ይወጣል። «ሳሎኑን ሙሉ አየሁ፣ ሰው አላየሁም። ከኋላ ያለውን ክፍል በሩ ስለተዘጋ አላየሁትም።» «የለም» የሚለው ቃል ከመዝገበ ቃላቱ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በኒውዮርክ ማንሃተን የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ሲደረመስ፣ የቀረው ክፍል አላስተማመነም ተብሎ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ወጡ፤ ባለ አራት እግሩን ሮቦትና ድሮን ነው ያስገቡት። የሚነዱት ሰዎች በዓይናቸው ምስሉን እያዩ ነበር። በቃል ሪፖርት ስንለምድ ያ የሰው ዓይን ከስክሪኑ ላይ እንዳይነሳ እፈራለሁ።

ሃይፋ · ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ 9:15

ሰላም ከእስራኤል። በፒኩድ ሃኦሬፍ (የአገሩ ጦር ሲቪሉን ሕዝብ የሚጠብቅበት ክፍል) የፍለጋና ነፍስ አድን ተጠባባቂ ነኝ። ስለ ዝምታ ማንም አላነሳም።

የፈረሰ ሕንፃ ላይ ትልቁ መሣሪያችን ዝምታ ነው። አንድ ሰው እጁን ያነሳል፣ ኤክስካቫተሩ ይጠፋል፣ ጄኔሬተሩ ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል። ከዚያ አንድ ሰው ብቻ ይጣራል፣ ሁላችንም እናዳምጣለን። ቱርክ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ስትናወጥ በቴሌቪዥን ያያችሁት ያንኑ ነው፤ «ድምፄን የሚሰማ አለ?» ብለው ይጮኻሉ፣ ጎዳናው ጸጥ ይላል። ሮቦቱ በዚያ ሰዓት ሞተሩንም ማራገቢያውንም ማጥፋት አለበት። እጅ የተነሳበትን ምልክት ይወቅ። ንግግር የሚችል ማሽን መጀመሪያ ዝም ማለትን ይማር።

ሌላው፣ አያቴ እዚህ አገር 30 ዓመት ኖራ ዕብራይስጥ የምታውቀው ለገበያ ያህል ነው። ሳይረን ሲጮህ ወደ መጠለያ የምትወርደው ጎረቤት ሲወርድ አይታ ነው። እሷ ላይ ቤት ቢወድቅ፣ እግዚአብሔር አያምጣው፣ በዕብራይስጥ ለሚጣራ ሮቦት አትመልስም። በአማርኛ «እማማ፣ ይሰሙኛል?» ካላት ትመልሳለች። ስለዚህ እህቴ፣ ያንቺ ሥራ እዚህም ይፈለጋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:00

«ቀኝ» እና «ግራ» የሚለውንም አስቢበት። የማን ቀኝ? የሮቦቱ ነው፣ የተናጋሪው ነው፣ የሕንፃው ነው? እዚህ አሜሪካ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሕንፃውን በጎን በጎኑ ስም ሰጥተውታል፤ መንገድ ዳር ያለው ፊቱ አልፋ ነው፣ ከዚያ በሰዓት አቅጣጫ ብራቮ፣ ቻርሊ፣ ዴልታ። ማንም የትም ቢቆም ቻርሊ ቻርሊ ነው። በእኛ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ቢባልስ?

ጠብቆ ላልቶ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:35

እህቴ፣ ሀ እና ሐ በጽሑፍ ሁለት ናቸው፣ በጆሮ አንድ። በራዲዮ ፊት ያለውን ከኋላ ካለው ጋር ታቀላቅሉታላችሁ። የቤት ቃል ይሻላል፦ ደጃፍ፣ ጓሮ። ለሁለቱ ጎኖች ደግሞ እዚያ የሚታወቅ ነገር ይሰየም፣ «የመስጊዱ ጎን»፣ «የሱቁ ጎን»። የእኛ ሰው አድራሻ የሚናገረው እንደዚህ ነው፤ «ከሱቁ ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊው በር»። ማሽኑ ይሄን ይማር እንጂ ሰዉ በጭንቅ ሰዓት ለማሽን ብሎ አዲስ አነጋገር አይማርም።

የሳውላ ልጅ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:10

ከትናንት ወዲያ ተቆጥቼ ነበር የጻፍኩት። አንብቤ አንብቤ ዛሬ የራሴን ዓረፍተ ነገር ይዤ መጣሁ።

ያን ቀን ከነበሩት ጋር ሆኜ አንድ ድሮን ከሰማይ ቢኖረኝ «ሰው ፈልግ» አልለውም ነበር። ለመፈለጉ ሰው ነበረ፣ ሁሉም ሮጧል። እኔ የምለው ይሄን ነው፦ «ዳገቱን ጠብቅ። መሬቱ ሲሰነጠቅ ወይም ሲንቀሳቀስ ካየህ ጩህ።» ለመጮህ ደግሞ ቋንቋ አያስፈልገውም። የሚቆፍሩት ሁሉ ቀና ብለው ይሸሹ ነበር።

የሮቦት ተማሪ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:55

የሳውላ ልጅ፣ ይሄን ዓረፍተ ነገር ጥናቴ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ፈቃድህ ከሆነ። እስካሁን የሰበሰብኳቸው ትዕዛዞች ሁሉ «ሂድ፣ ግባ፣ ፈልግ» ናቸው፤ «ሌሎች ሲሠሩ አንተ ጠብቃቸው» የሚል አንድም የለኝም። ለማሽኑም የተለየ ነገር ነው፦ ጊዜ የለውም፣ መጨረሻ የለውም፣ የሆነ ነገር እስኪሆን ድረስ ዓይንን አለመንቀል ነው።

ስለ ጎፍኛም፦ ሞዴል አሠልጥኜ እደርሳለሁ ብዬ አልዋሽህም። ግን ሮቦቱ ለተቀበረ ሰው የሚናገራቸው ዓረፍተ ነገሮች ከሃያ አይበልጡም። እነሱን ሰው በድምፁ ቀድቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በጎፍኛ፣ በሲዳምኛ፣ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ። መልሱን ሮቦቱ ባይረዳው እንኳ ድምፁን ወደ ላይ ያስተላልፍ፣ ላይ ያለው ሰው ይሰማዋል። ይሄን ለመሥራት ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) አያስፈልግም፣ ስልክና ፈቃደኛ ሰው ይበቃል።

ጭስና ውኃ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:30

ዛሬ ተረኛ ነበርኩ። ከልጆቹ ጋር ጭምብል አድርገን፣ ፓምፑን አስነስተን «ቁም»፣ «ተመለስ»፣ «ጠብቅ»፣ «ውጣ» የሚሉትን አርባ አርባ ጊዜ ቀድተናል። ስድስት ሰው ነን። አንዷ ሴት ናት፣ ድምፅዋ ከሁላችንም ይሰማል። «አትግባ»ንም ቀድተናል፣ ማሽኑ እንዳይሳሳትበት ሳይሆን ሲሰማው ሁልጊዜ ቆሞ እንዲጠይቅ። የት እንላክልሽ?

የሮቦት ተማሪ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:50

ምን እላለሁ... እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በመድረኩ የግል መልእክት አድራሻውን ልኬልሃለሁ። የመጀመሪያው የራዲዮ ድምፅ እንዳይቆረጥ ቁልፉን ተጭናችሁ ትንሽ ቆይታችሁ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሆን ብላችሁ ሳትቆዩ ቅዱልኝ። የተቆረጠውም ያስፈልገኛል።

የሳውላ ልጅ · ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:00

ሃያዎቹን ዓረፍተ ነገሮች ላኪልኝ፣ እናቴ በጎፍኛ ትላቸዋለች። ትናንት ማታ ነገሩን ሳጫውታት አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ መልስ አጣሁ። «ከሥር ያለው ሰው 'አለሁ' ብሎ ከመለሰ ማሽኑ ቀጥሎ ምን ይለዋል?»

የሮቦት ተማሪ · ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:25

«እጅዎን ማንቀሳቀስ ይችላሉ?» የሚለውን አስቀምጬ ነበር። እናትህ ሲጠይቁ ግን ልክ አልመሰለኝም። ጭስና ውኃ፣ እናንተ መጀመሪያ ምን ትላላችሁ?

ጭስና ውኃ · ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:40

ስማቸውን ነው የምንጠይቀው። ከዚያ የራሳችንን እንነግራቸዋለን።